ትምህርት ቤቱ «ደረጃ 3» አገኘ፤ ለልጄ ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። በቅርቡ በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። በኢንስፔክሽን 82 በመቶ አምጥተን ደረጃ 3 ገብተናል ይላል። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ በእንኳን ደስ አላችሁ ተሞላ። ጎረቤቴ ግን ‹ኢንስፔክተር ሲመጣ ሁሉም ይሽሞነሞናል፣ አትመኚው› አለችኝ። ግራ ገባኝ። ደረጃ 3 ጥሩ ነው? ለምን 4 አልሆነም? ታናሽ እህቱንስ በመስከረም ኬጂ እዚያው ላስገባት?»

እህቴ፣ ቀጥታውን ልመልስልዎ። ደስ ይበልዎ። ደረጃ 3 ጥሩ ውጤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተቀመጠለትን ስታንዳርድ አሟልቷል ማለት ነው። በአገራችን ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ አሁንም ደረጃ 1 እና 2 ላይ ናቸው። ይህም ከስታንዳርዱ በታች ነው። ስለዚህ ባነሩን ሲያዩ ኩራት ቢሰማዎ ተገቢ ነው። የልጅዎን መምህርት አግኝተው «እንኳን ደስ አለሽ» ቢሏት ደግሞ እኔም ደስ ይለኛል። እንዲህ ዓይነት ውጤት ሲመጣ ፎቶ የሚነሱት ባለቤቱና ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ውጤቱን ያመጡት ግን በአብዛኛው ክፍል ውስጥ ቆመው የሚውሉት ናቸው።

አንድ ነገር ግን ባነሩ ላይ የለም። 82 ያመጣ ትምህርት ቤት 18 ነጥብ ጎድሎታል። እኔ ወላጅ ሆኜ ብመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። 18ቱ የጎደለው ከየት ነው?

ይህን ለመጠየቅ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ይጠቅማል። በአገር አቀፉ የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤት የሚለካው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ግብዓት ነው። ህንፃው፣ የመማሪያ ክፍሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ውኃው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራኑ የትምህርት ደረጃ፣ በጀቱ እዚህ ይገባሉ። 25 በመቶ ይይዛል። ሁለተኛው ሂደት ነው። መምህሩ እንዴት ያስተምራል? እንዴት ይመዝናል? ተማሪው ይሳተፋል ወይ? አመራሩ መምህሩን ይደግፋል ወይ? ወላጅ ይሰማል ወይ? ይህ 35 በመቶ አለው። ሦስተኛው ውጤት ነው፤ 40 በመቶ ይዟል። የተማሪዎች የክፍልና የፈተና ውጤት፣ የሚያቋርጡና የሚደግሙ ልጆች ቁጥር፣ ሥነ ምግባር፣ የመምህራንና የወላጆች ግንኙነት የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1 ነው። ከ50 እስከ 70 ሳይሞላ ደረጃ 2። ከ70 እስከ 90 ሳይሞላ ደረጃ 3። 90 እና ከዚያ በላይ ደረጃ 4። ለምን 4 አልሆነም ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው፤ 8 ነጥብ ቀረው። በዚህ አይከፉ። ደረጃ 4 የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ልብ ይበሉ፣ 70 ያገኘውም 89 ያገኘውም በሩ ላይ የሚጽፈው «ደረጃ 3» ብሎ ነው። የእርስዎ ትምህርት ቤት ፐርሰንቱንም መጻፉ በግልጽነት ያስመሰግነዋል። ብዙዎቹ ደረጃውን ብቻ ጽፈው ይሰቅላሉ።

አሁን ሁለት ትምህርት ቤት በምሳሌ እናስብ። ሁለቱም 82 አምጥተዋል። የመጀመሪያው በግብዓት ከ25ቱ 24፣ በሂደት ከ35ቱ 25፣ በውጤት ከ40ው 33 አገኘ። ሁለተኛው በግብዓት 18፣ በሂደት 31፣ በውጤት 33 አገኘ። ደምሯቸው፤ እኩል ናቸው። ባነራቸው አንድ ነው። ልጅዎ የሚውልበት ክፍል ግን በጣም ይለያያል። የመጀመሪያው ያማረ ህንፃ አለው፣ ቤተ ሙከራ አለው፣ ዲግሪ ያላቸው መምህራን አሉት። ክፍል ውስጥ የሚሠራው ግን መካከለኛ ነው። ሁለተኛው ግቢው ጠባብ ነው። ምናልባት መኖሪያ ቤት ተከራይቶ የተከፈተ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን መምህራኑ ተዘጋጅተው ይገባሉ። ደብተር ያርማሉ። የከበደውን ልጅ ለይተው ያውቁታል። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ምረጥ ብባል ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ መጫወቻ ቦታው ልጅ የሚያስሮጥ እስከሆነ ድረስ።

የልጅዎን ካርድ ሲቀበሉ አማካዩን ብቻ አይተው አይመለሱም። ሒሳብ ስንት፣ አማርኛ ስንት ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። የትምህርት ቤቱንም እንደዚያው ይዩት።

ይህ ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ ጥያቄ አይደለም። እንግሊዝ አገር ኦፍስቴድ የሚባለው የኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት አንድን ትምህርት ቤት በአንድ ጥቅል ፍርድ «የላቀ»፣ «ጥሩ» እያለ ይፈርጅ ነበር። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ጥቅል ፍርድ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ቀረ። ከግል ትምህርት ቤቶች ብዙ የሚሆኑትን የሚፈትሸው አይ ኤስ አይ የሚባል ሌላ ተቋም ደግሞ ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2023፣ ጥቅል ማዕረጉን ትቶ በየዘርፉ ስታንዳርዱ መሟላቱንና አለመሟላቱን ወደመግለጽ ሄዷል። ትምህርት ቤትን በአንድ ቃል መጠቅለል ወላጅንም መምህርንም እንደሚጎዳ እዚያም ብዙ ተነግሯል።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። ያሉት ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር እንደሚመጣ ቀድመው ያውቃሉ። ግድግዳ ይቀባል። ሰንጠረዥ ይለጠፋል። ፋይል ይደረደራል። የክበባት ስም ዝርዝር ድንገት በየበሩ ይታያል። ይህን ያላየ ኢንስፔክተር የለም።

ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ኢንስፔክተር በቀለም አይሸወድም። አሠራሩ ራሱ አንድን ነገር ከሦስት ወገን እንዲያይ ያስገድደዋል። ሰነድ ያነባል፣ በዓይኑ ያያል፣ ሰው ይጠይቃል። ሦስቱ ካልተጋጠሙ ነጥብ አይሰጥም። ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱ ንጹሕና በመጽሐፍ የተሞላ ሊሆን ይችላል። የውሰት መዝገቡ ሲከፈት ግን ከጥቅምት ወዲህ የተዋሰ ልጅ ላይኖር ይችላል። ከዚያ አንዱን የአራተኛ ክፍል ልጅ «በመጨረሻ ያነበብከው መጽሐፍ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጅ እውነቱን ይናገራል። «እዚያ አንገባም» ይላል።

ከሁሉም በላይ የማምነው የተማሪን ደብተር ነው። ደብተር በአንድ ሌሊት አይሠራም። ከመስከረም ጀምሮ ያለው ሁሉ እዚያ አለ። በሳምንት ስንት ጊዜ ታርሟል? የተሳሳተው መልስ ላይ ኤክስ ብቻ ነው ያለው፣ ወይስ መምህሩ ትክክለኛውን መንገድ አሳይቶታል? ልጁስ ከእርማቱ በኋላ ደግሞ ሠርቶታል? በየገጹ መጨረሻ አንድ ትልቅ ራይት ብቻ ያለበት ደብተር አለ። ውስጡ ግን ስህተት ይሞላል። ይህ መምህሩ ሳያነብ እንዳለፈ ይናገራል። ፍርዱን ለመምህሩ ብቻ አላደርገውም። በቀን ስድስትና ሰባት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ በየክፍሉ ብዙ ልጅ ያለው መምህር ሁሉን ደብተር በጥንቃቄ ማረም ይከብደዋል። የጫናው ጉዳይ የአመራሩ ነው፤ ነጥቡም ከዚያው በኩል መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው የማይሸፈን ነገር የክፍሉ ድምፅ ነው። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ትምህርቱ ይቀጥላል። ይህ በየአገሩ ጥግ የሚሰማ ነው፤ የግል ትምህርት ቤትም ከዚህ አላመለጠም። ጥሩ ክፍል ውስጥ ግን «አልገባኝም» የሚል ልጅ አለ። ደፍሮ ነው የሚለው። መምህርቷ አትቆጣውም። ሌላ ልጅ በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳው ታደርጋለች። አንድ ልጅ ያለ ፍርሃት «አልገባኝም» የሚልበትን ክፍል ሳይ፣ ህንፃው ቆርቆሮ ቢሆንም፣ ልቤ ይሞላል። እዚያ መማር አለ።

እና ጎረቤትዎን እንዲህ ይበሏቸው። መሽሞንሞን አለ፤ ግን በሂደት ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ትምህርት ቤት በሽሙንሙን ብቻ አላገኘውም።

ስለ ውጤት ክፍሉ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የግል ትምህርት ቤቶች በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣሉ። የሚያቋርጥ ልጅ ጥቂት ነው። የሚደግምም እንዲሁ። በ6ኛ እና በ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና፣ ሕዝቡ አሁንም «ሚኒስትሪ» በሚለው፣ የማለፍ መጠናቸው ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ወይ? ከፊሉ ብቻ። ልጆቹ ከሚከፍል ቤት የመጡ ናቸው። ቁርስ በልተው ይመጣሉ። ማታ ደግሞ አስጠኚ አላቸው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ራሱ ፈትኖ መርጦ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ 40 በመቶ የሚይዘውን ክፍል ስታዩ፣ ወላጆች ለአስጠኚ የከፈላችሁትም እዚያ ውስጥ አለ። በደካማ የገባን ልጅ ያነሳ ትምህርት ቤት ካለ ግን ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ያንን በፈተና አማካይ አታገኙትም። ሪፖርቱ ውስጥ ለልዩ ፍላጎትና ወደኋላ ለቀሩ ልጆች ምን ድጋፍ ተደረገ የሚለውን ይፈልጉ።

ይህን ያህል ስለ ማንበብና ስለ መረዳት የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በገዛ ቋንቋቸው ነው። እነዚያ ልጆች ክፍል ቀርተው አልነበረም፤ ስማቸው መዝገብ ላይ ነበር፣ ዩኒፎርም ለብሰው ይመጡ ነበር። እርግጥ ያ ጥናት የእርስዎን ዓይነት ትምህርት ቤት አይወክልም። ነገር ግን በክፍል መቀመጥና መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቁጥር ያሳየ ነው።

በግል ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ልጁ በእንግሊዝኛ አጥርቶ ያነባል። ድምፁ ያምራል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። «ያነበብከው ምን ይላል?» ሲባል ግን ዝም ይላል። አማርኛው ደግሞ ወደኋላ ቀርቷል፤ ፊደሉን ያምታታል፣ አንቀጽ መጻፍ ይቸግረዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ሙከራ ያድርጉልኝ። ከአማርኛ መጽሐፉ ገና ያልተማሩትን አንድ ገጽ ያስነብቡት። ከዚያ መጽሐፉን ይክደኑና «እስቲ ንገረኝ» ይበሉት። ቀጥሎ በእንግሊዝኛው እንዲሁ ያድርጉ። አይቆጡት፣ አያርሙት፤ ያዳምጡት ብቻ። በሁለቱም በራሱ አነጋገር ከነገረዎ፣ ያ 82 እርስዎ ቤት ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ካልነገረዎም አይደንግጡ። ለመምህርቷ የሚያነሱት ቁም ነገር አግኝተዋል።

አሁን 18ቱን ነጥብ እንዴት እንደሚጠይቁ ልንገርዎ። ኢንስፔክተሮቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ለትምህርት ቤቱ የቃል ግብረ መልስ ይሰጣሉ፤ በኋላ የጽሑፍ ሪፖርት ይደርሰዋል። ሪፖርቱ ጠንካራ ጎኖችን ይዘረዝራል። ሊሻሻሉ የሚገባቸውንም ይዘረዝራል። ለወላጅ ወርቁ ያለው ከዚህ ሁለተኛው ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱም በዚያ ላይ ተመሥርቶ የማሻሻያ ዕቅድ ማውጣት አለበት።

ለብቻዎ ቢሮ ገብተው ከሚጠይቁ በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በኩል ቢያነሱት ይሻላል። የኅብረቱ አባላት ለኢንስፔክተሮቹ ቃለ መጠይቅ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ሂደቱን ያውቁታል። ስብሰባ ላይ ሲሆን ደግሞ መልሱን ሁሉም ወላጅ ይሰማዋል። አነጋገሩ ወሳኝ ነው። «ውጤቱ አስደስቶናል፤ ሪፖርቱ አሻሽሉ ያላችሁ ሦስት ዋና ነገሮች ምንድን ናቸው? እኛስ በየትኛው ልናግዝ እንችላለን?» ይበሉ። እንዲህ ሲባል ርዕሰ መምህሩ ለመከላከል አይቸኩልም።

መልሱን በጥሞና ያዳምጡት። «አስተያየት አለ፣ ግን ጥቃቅን ነው» ከተባለ ትንሽ ይጠራጠሩ። ከአሥራ ስምንት ነጥብ ውስጥ ጥቃቅን ያልሆነ አንድ ነገር አይጠፋም። «ቤተ ሙከራችን ደካማ ነው ተብለናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ይዘናል፣ ኃላፊውም እገሌ ነው» ከተባለ ግን ያ ትምህርት ቤት ሪፖርቱን አንብቦታል። እንዲህ ዓይነት አመራር ያለበት ቤት ደረጃው 2 እንኳ ቢሆን እኔ ተስፋ አልቆርጥበትም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ መምህራን መልቀቅ ይጠይቁ። በግል ትምህርት ቤት ልጅን በጣም የሚጎዳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በኅዳር የለመዳት መምህርት በየካቲት ትሄዳለች። አዲሷ እስክትለምደው ሰኔ ይደርሳል። ኢንስፔክተሩ በመጣበት ሳምንት የመምህራን ዝርዝር የተሟላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አምና ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩት መምህራን ዘንድሮ አሉ?» ብለው ይጠይቁ። መምህራን የሚቆዩበት ትምህርት ቤት ደመወዙም አያያዙም ደህና ነው፤ ለልጁም የሚተርፍ ነገር አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ላጥራ፣ ብዙ ወላጅ ስለሚያምታታው። የእውቅና ፈቃድና የኢንስፔክሽን ደረጃ ይለያያሉ። ፈቃዱ ትምህርት ቤቱ ማስተማር እንደተፈቀደለት ይናገራል። ኢንስፔክሽን የሚናገረው እንዴት እያስተማረ እንደሆነ ነው። ፈቃድ ሁሉም ሊኖረው ይገባል፤ ባነር የሚያሰቅል ነገር አይደለም።

ለትምህርት ቤቶቹም አንድ ቃል አለኝ፣ ርዕሳነ መምህራን ይህን ካነበባችሁ። ከባነሩ ጎን አንድ ገጽ ለጥፉ። በግብዓት ይህን፣ በሂደት ይህን፣ በውጤት ይህን አገኘን፤ ደካማ የተባልነው በዚህ ነው፤ እስከ ሰኔ ይህን እንሠራለን በሉ። ወላጅ አይሸሻችሁም። ድክመቱን ጽፎ የሚለጥፍ ትምህርት ቤት ሲያይ ወላጅ ይበልጥ ያምነዋል፤ ለማገዝም ይነሳል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ታናሿ ነበር። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ የሚመዘኑት ለየብቻ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ቢሆኑም የኬጂው ውጤት ሌላ ነው። ባነሩ ላይ ያለው 82 የአንደኛ ደረጃው ከሆነ ስለ ኬጂው የሚነግርዎ ነገር የለም። ኬጂውስ ስንት አገኘ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በሥራ ቀን ጠዋት ሄደው ያዩት። የአራት ዓመት ልጆች ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወርክሺት የሚሞሉ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉላት። የሚጫወቱ፣ የሚዘምሩ፣ ተረት የሚሰሙ፣ መምህርቷ በስማቸው የምትጠራቸው፣ መጸዳጃ ቤታቸው በቁመታቸው ልክ የተሠራና ውኃ ያለው ከሆነ ግን ያስመዝግቧት። ወንድሟም እዚያው ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰርቪስ ይበቃችኋል።